ደርዘን እንቁላል

አንተ ልጅ፣ ትሬንት፣ ከሲንሲናቲ ድረስ ገሥግሠህ የመጣኸው፣
ኮፈኑን ገልጠህ፣ ከሥሯ ተንበርክከህ ያየኸው፣
«ከአራቱ ማን ትሻላለች በመታጠፊያው?» ስትል፣
ቢኖር እስኪመሽ ያወራህ ነበር ባሌ፣ ሜርል።
አራቱም ኮርቬት ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣
ጠባያቸው ግን እንደ እህትማማች፣ ለየቅል የሚሄድ።
መሪ የጨበጠ ሰው መሪውን ያውቃል፤
መንገዱን የሚያውቅ ወገብ ከጎኑ ይቀመጣል።

እኔ ኦርፋ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በቀኝ ወንበር፣
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከእህቴ እርሻ እስከ ቤታችን በር፣
አሥራ ሁለት እንቁላል በጭኔ ታቅፌ ስመጣ ነበር።
ሜርል በሰከንድ ሰፈረ፤
የእኔ ሚዛን ቅርፊት ነበረ።

ይቺ ቀይዋ የስድሳ ሁለት ናት፤ ያኔ ሙሽራ ነኝ።
የኋላ ጎማዎቿ በአንድ ብረት የተጠመዱ፣
እንደ ጥማድ በሬ አብረው የሚነዱ፤
አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ይደነብራል፣
ያልረገጠው ጠጠር እሱንም ያዘልላል።
ጠመዝማዛው ላይ ኋላዋን ስትወረውር
ሜርል ይስቅ ነበር መሪውን ሲያሽከረክር።
ሦስት ተሰበረ፣ አንዳንዴም አራት፤
በተረፈው ኬክ ጋገርኩ ለእሑድ እራት።
ብንደናቀፍ አብረን ነው፤ ያኔ ትዳር እንዲያ ነበር፣
አንዱ የረገጠው ጉድጓድ ሁለቱን የሚሰብር።

የስድሳ ሰባቷ፣ ሰማያዊዋ፣ ሌላ ፍጥረት ናት፤
ለየጎማዋ የየራሱን እግር ሰጧት።
የግራው ሲዘል የቀኙ ወሬውን አይሰማ፣
የተላጠ አስፋልት ታልፋለች ሳትደማ።
ግንባሯን አክብዶት ያ ትልቅ ሞተሯ
ኩርባ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው ግብሯ።
ከደርዘኑ አንዲት፣ እሷም ስንጥቅ ብቻ።
ያኔ ባንክ ቤት ሥራ ያዝኩ፤ በየእግራችን ብንቆም
ቤቱ ይናጋል ያለ ነበር፤ አልተናጋም።

ብርማዋ የሰባ ስምንት፦ ወገቧ ቀጭን፣ ጠባይዋ ለስላሳ፣
እንደ ጀልባ የምትዋልል፣ ጉልበቷ የሳሳ።
እንቁላሉስ ደህና ገባ፤ እኔ ነኝ ያጥወለወለኝ።
ፋብሪካው ያን ዓመት ሜርልን አሰናበተው፣
ይነዳታል እንጂ ልቡ የት እንደነበር እንጃ፤ ዝም ነው።

እና ጥቁሯ! የሰማንያ አራቷ!
መሬቱ ላይ የተሰፋች፣ መታጠፊያ የማትፈራ፣
ኩርባውን እንደ መቀስ ቆርጣ የምትሠራ።
ግን ኔልሰንቪል ላይ የባቡሩን ሐዲድ ስንሻገር
ጥርሴ ከጥርሴ ጋር ነበር ሲነጋገር።
አሥራ ሁለቱም! አስኳሉ በቀሚሴ ይወርዳል።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
በዚህች ግን ገና ሳይፈለፈል በርሯል።
«ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት፣ ጠረግሁት።
ዘጠኝ ዓመት ጠረግሁት።

ኋላ ቀኝ ጎኑ ከድቶት ከኮሎምበስ ሆስፒታል ሲወጣ
ቁልፉ በእኔ እጅ ገባ፣ የእኔ ወንበር በእሱ ዕጣ።
ያው ሐዲድ ደረሰ። ፍሬን ያዝኩ፤ አልበቃም።
ወገቡን ይዞ አየሁት፣ ቃል ግን አልወጣውም።
ድልድዩን ካለፍን በኋላ፣ በተያዘ ምላሱ፣
«ይሄ... ሁሉ... ዓመት?» አለኝ እሱ።
አዎ አላልኩትም። አፉን በመሐረብ ጠረግሁለት።
«እንቁላል እንግዛ?» ብለው
በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ያ ግማሽ ፊት ነው የማልረሳው።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ መታጠፍ ካማረህ ጥቁሯን ውሰዳት፤
ሩቅ አገር ከሆነ ሐሳብህ ሰማያዊዋ ናት፤
ብርማዋን ማንም አይጠይቃት፣ እኔም አላሞግሳት።
ቀይዋ አትሸጥም።
ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ግን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦
ከጎንህ የምታስቀምጠው ማን አለህ?
ምነው ዝም አልክ? ጎማውን ለምን ትረግጣለህ?