ሀ በሹክሹክታ

ጅዳ፣ ከዳቦ ቤት ጀርባ፣ ሻራፊያ ሰፈር፣
የእኔ ክፍል ድሮ መኝታ ቤት ነበር፤
ግድግዳው ላይ አለ የአልጋው ራስጌ ጭረት፣
አርባ አንድ ልጅ ታጭቋል ሁለት ሰው በተኛበት።
መስኮቱ አንድ ነው፤ እሱንም ኤሲው ደፍኖታል፣
የተረፈው ክፍተት በፕላስተር ታሽጓል።
ያሸገው ዘበኛችን ነው፣ ጋሽ ሸምሰዲን፣ በደግ ልብ፣
ቅዝቃዜው እንዳይወጣ፣ አቧራው እንዳይገባ ሲያስብ።

አንደኛ ክፍል ነን። ፊደል አስቆጥራለሁ።
ሀ ስል፣ አርባ አንድ አፍ አንድ ላይ ይከፈታል፤
ሀ ማለት ትንፋሽ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?
ምላስ አይነካው፣ ጥርስ አያግደው፣ ከንፈር አይመልሰው፣
ከሳንባ ተነስቶ ነው ፊት ያለው ልጅ ጋ የሚደርሰው።
ፈ ሻማ ማጥፊያ ናት፤ ፐ ስንደርስ ምራቅ ይዘንባል፣
አምና ያስቀን ነበር፤ ዘንድሮ ማን ይስቃል?
ማስክ ሰጥተናቸዋል፤ ግማሹ አገጩ ላይ ያስረዋል፣
ሁለቱ ደግሞ ሥዕሉን ወደው ተለዋውጠዋል።

እሑድ ኑሃሚን አሳለች፤ አንዴ፣ በክርኗ ከልላ፣
እንዳስተማርኳት። ሰኞ አጠገቧ ያለው። ማክሰኞ የኋላው ረድፍ በሞላ።
ሐሙስ ስም ስጠራ «አቤት» ያሉኝ አሥራ ዘጠኝ፤
የቀሩት ዝምታ እንደ ጉንፋኑ ተጋባና እኔንም ያዘኝ።

በር ላይ ቴርሞሜትር አለን፣ ግንባር ላይ ጢጥ የሚል፤
በእሱ ያለፈውን ሁሉ ደህና ነው እንበል?
የኑሃሚን እናት አመለወርቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ፣
ሽሮፕ ትግታታለች፤ ትኩሳቱን አስተኝታ
በሩን ታሳልፋታለች፤ አራት ሰዓት ሲሆን ይነቃል፤
የልጅቷ ጉንጭ እንደ ፍም፣ ከንፈሯ ይሰነጠቃል።

ልቆጣት ደወልኩ። «ቲቸር፣» አለችኝ ድምፅዋን ቀብራ፣
«ተመላላሽ ነኝ፤ ዛሬ ብቀር ነገ ሌላ ናት እዚህ የምትሠራ።
ቆልፌባት ልሂድ? ሰባት ዓመቷ ነው።» ስልኩ ውስጥ ውሃ ይወርዳል፤
ሰሃን እያጠበች ነው። ቁጣዬ የት ይሄዳል?

ያን ማታ ጋሽ ሸምሰዲን ቢላ ይዞ መጣ፤
በእጁ ያሸገውን በእጁ ቀደደው፤ የዓመት አቧራ ወጣ።
የኤሲውን ማጣሪያ ነቅለን አጠብነው፤ ውሃው ሦስቴ ጠቆረ፤
«ይሄን ነበር የሚስቡት?» አለና፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።
ቆይቶ፦ «ጣራውስ? የታንከሩ ጥላ አለ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል፤
ባሕሩም በጧት ነፋስ ይልካል፣ ጨው ጨው የሚል።»

ምንጣፍ አነጠፍን፣ የሳተላይት ሳህኖቹን ዘለን፣
በልጅና በልጅ መካከል ሁለት ክንድ ትተን።
እሑድ ሲመጡ፦ «ዛሬ ፊደል ምስጢር ነው፤
ርግቧ እንዳትሰማችሁ፣ በሹክሹክታ እንቁጠረው።»
ሀ ከአፋቸው ወጣች፣ በጣራው ጠርዝ ሾልካ ሄደች፤
ማንም ፊት ላይ አላረፈችም፤ ወደ ቀይ ባሕር ወረደች።

ሰኔ ሲመጣ ጣራው ምጣድ ይሆናል፤ አውቃለሁ።
ለሰኔ ገና መላ አላገኘሁም።

በሩ ላይ ግን አንድ ወረቀት ለጠፍኩ፦
«ሽሮፕ ከሰጣችሁ ንገሩን። አንቆጣም።»
ሦስት ቀን ማንም አልተናገረም።
በአራተኛው አመለወርቅ መጣች፣ ቦርሳዋን እያሻሸች፣
«ዛሬ ሰጥቻታለሁ፣» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም። አውቶቡሷ ላይ ሮጠች።

ኑሃሚን አሁን ዘበኛ ቤት ናት፣ መስኮቱ ወለል ብሎ፣
ጋሽ ሸምሰዲን ውጭ ነው፣ ወንበሩን ወደ ጥላው አስጠግቶ።
ብቻዋን ስለሆነች መጮህ የተፈቀደላት እሷ ናት፤
ከታች «ሀ!» ትላለች፣ ጉሮሮዋ እስኪሻክር፣
እኛ ከላይ፣ ሠላሳ ሦስት ሆነን፣ ጣታችንን ከንፈራችን ላይ አድርገን፣
ሁ... እንላታለን።