ላዕልና ታሕት

በኢኪቶስ ከተማ፣ በክብር መዝገብ ቤት፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስጽፍ ኖርኩኝ ሞት፤
በእባብ የተነደፈ፣ ወንዙ የወሰደው፣
ሲወለድ የሞተ፣ ዕድሜ የጨረሰው።
«ምክንያት» የሚል ዐምድ አለ፣ ከአውራ ጣቴ የማይሰፋ፤
ጠባብ ነው፣ ግን ሁሉን ቻለ፣ ለማንም ቦታ አልጠፋ።

እስከዚያች ሚያዝያ።

ውሃው ከቤሌን ቤቶች ወለል ሥር ደርሶ ነበር፤
ሬሳ በታንኳ ነው የሚወጣው ከሰፈር።
ከኦክስጅን ፋብሪካው በር ሰልፉ ሌሊት ይጀምራል፤
ሰው ባዶ ሲሊንደሩን እንደ ልጅ ታቅፎ ያንቀላፋል።
ሬዲዮው ግን አልደከመ፤ ጠዋት ማታ ሙግት፤
«ከመቶ ሦስት ይገድላል!» «ከሺህ ሦስት! ምን ቅጥፈት!»
«ጉንፋን ነው፣ የምናውቀው፤ የገደለን ፍርሃት ነው።»
«ፍርሃት ሳንባ አይበሳም፤ ያልፈራ ነው የሞተው።»

የእህቴ ባል ሮሴንዶ፣ ባጃጅ ጠጋኙ፣
በሲጋራ ካርቶን ጀርባ፣ ቅባት በነካው ቀኙ፣
መስመር አሰመረና በመስኮቴ አሳየኝ፦
«ላዕል የሞተው ነው፤ ታሕት የታመመው፤ ልብ አርገሽ ስሚኝ።
እኔ ስስል ሰነበትኩ፤ ስሜን ማን መዘገበው?
እንደኔ ስንት ሺህ አለ፣ ቤቱ ተኝቶ የዳነው!
ታሕቱን አስፊው፤ ሞቱ ያንሳል፤ ሌላ አይደለም፣ ሒሳብ ነው።»

አልተሳሳተም። እሱ ነው ያበሸቀኝ።

ዶክተር ኢዛውራ ማታ፣ ጭንብሏ ጉንጯን አቁስሎት፣
«ላዕሉስ?» አለች፤ «ሞላሽው? ማን ቆጠረው ያን ሁሉ ሞት፣
ከነሳሉ የተቀበረ፣ ምርመራ ሳይደርስለት?»

እሷም አልተሳሳተችም።

እኔ ግን አለቃዬ «ያልተመረመረ አይጻፍ» ስላለኝ፣
«ልብ» እላለሁ፣ «ስኳር» እላለሁ፣ «እርጅና»፣ እጄ እስኪዝለኝ።
ይገርመኝ ነበር ደግሞ ያ የክፍልፋይ ሥርዓት፤
ከመስመር በላይ የሚጻፉት፣ ከመሬት በታች ያሉት።

አንድ ጠዋት ሁለት ሴቶች በአንድ መስኮት መጡብኝ።
ኔሊዳ፦ «ባሌ ውሸት ነው እያለ ነው የሞተብኝ፤
በሽታውን በስሙ ጻፊው፤ ተረትቷል፣ ይታወቅበት።»
ከኋላዋ ሆርቴንሲያ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ሹክሹክታ፦
«አባቴን እንዳትጽፊው፤ ከከተማ ውጭ በጅምላ ነው የሚጥሉት።
ልብ በይው፤ ልቡም ታሞ ያውቃል፤
ከእናቴ ጎን ልቅበረው።»
ለኔሊዳ ባል ምርመራ የለውምና «ያልታወቀ» አልኩ።
ለሆርቴንሲያ አባት «ልብ» ብዬ ጻፍኩ።

ሽማግሌውን ሮሴንዶ ነው በባጃጁ የወሰደው፤
«ጉንፋን ነው» እያለ፣ በነጻ፣ በጀርባው አዝሎ ያወረደው።
ያን ሰሞን የሚቆጥር በዛ፣ የሚቋጥር ግን ጠፋ፤
መግነዙን እሱ ቋጠረ፣ ሬዲዮው በከንቱ ሲለፋ።

ዓመት አለፈ። ከዋና ከተማ ሰዎች መጡ በሻንጣ፤
አሮጌውን መዝገብ አገላበጡ፤ አዲስ ቁጥር ወጣ።
አንድም ሰው ሳይሞት፣ በአንድ ሌሊት፣ ሙት በዛ።
ሮሴንዶ ካርቶኑን አላጣለም፤
እሑድ እሑድ ዓሣዬን እየበላ፣ እሾህ እየለቀመ፣
«ታሕቱንስ ማን አረመው?» ይለኛል።

ሆርቴንሲያም ተመለሰች። «አርሚው» አለችኝ፤
«ከእንግዲህ ማንም ከጎኗ አያወጣውም።»
«ዐምዱ እኮ ጠባብ ነው።»
«አሳንሰሽ ጻፊው።»
«ልብ» የሚለውን ሰርዤ የበሽታውን ስም ከላዩ አሰፈርኩ፤
እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው።
ላዩ አዲስ ቀለም፣ ታቹ አሮጌ፤ ሁለቱም ይነበባሉ።

ገጹን ለሮሴንዶ አሳየሁት።
መነጽሩን አልያዘም፤ ቀዳዳዋን በጣቱ ዳሰሳት።
ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ ካርቶኑን ከኪሱ አውጥቶ፦
«ይህቺስ» አለ፣ «በየትኛው በኩል ትቆጠራለች?»