ማጅራት መቺ

ከቀኝ ዓይኔ ኋላ አንድ መርፌ ገብቶ
ሦስት ክረምት ከረመ፣ ክር ሳይዝ፣ ሳይሰፋ፤
ጧት ቀለል ይለኛል፤ ፈረቃው ሲጋመስ ግንባሬ ላይ ወጥቶ
ይመታል፣ የስፌት መኪናው ጩኸት በእሱ ምት እስኪጠፋ።

«የኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ» አሉኝ፤ ጠጣሁ።
«ሳይነስ ነው» አለ ባለፋርማሲው፤ የሰጠኝን ዋጥሁ።
መነጽር ገዛሁ፤ ክሩ ጠራልኝ፣ ራሴ ግን አልጠራ፤
እህቴ ዘምዘም «ዓይን ነው» ብላ ሸኽ ዘንድ ወሰደችኝ፣ ዱዓ ተደረገልኝ፤
ልቤ አረፈ። መርፌው ግን እዚያው፣ ሥራ በሥራ።

አንድ ሌሊት ማጅራቴ እንደ ጣውላ ደርቆ
«ማጅራት ገትር» የሚለው ቃል ከአልጋዬ አወረደኝ፤
ትኩሳት የለኝም፣ አያስመልሰኝም፤ ልቤ ግን ይህን ሁሉ አውቆ
አልሰማ አለኝ። ንጋት ላይ ሚኒባሱ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ አደረሰኝ።

ከቧንቧ ውሃ በላይ፣ አንድ ጠባብ ክፍል። ይመር ይባላል፤
እጁ ወፍራም፣ ድምፁ ቀጭን።
«ራሴን ነው» ብለውም ራሴን አላየም፤
«ስትመጪ የት ተቀመጥሽ?» ይላል።
«በቀኝ መስኮት።»
«ሁልጊዜ?»
«ሰው በግራዬ ሲሆን ይቀለኛል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።»
ጻፈ።

አጋደመኝ፤ አገጬን ወደ ደረቴ ደፍቶ፣ ራሴን በመዳፉ ይዞ አዞረ፤
ወደ ግራ ሄደለት፣ ሐረጎን እንደሚወርድ ባዶ አይሱዙ።
ወደ ቀኝ ሲመልሰው፣ ታኮ እንደገባበት ጎማ፣ ከግማሽ መንገድ ቀረ።
«እህ» አለ።
ከዚያ አውራ ጣቱ፣ ፀጉሬ ከሚያልቅበት፣ አንገቴ ከሚጀምርበት፣
ከላይ ሁለተኛው አጥንት አጠገብ ቀስ ብሎ ተጫነ፤
መርፌው ከዓይኔ ኋላ ቦግ አለ፣ እዚያው በነበረበት!
«እሱ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ሌባዋን እንዳየች ሴት።
ጣቱን ሲያነሳ ተወኝ፤ ሲመልሰው መጣ፤ ያው ራሱ ሆነ።
ማጅራት መቺ!
ፊቴን እየመታ፣ ከኋላዬ የኖረ።

እኔ እኮ ኮሌታ ሰፊ ነኝ። በቀን ሁለት መቶ አርባ አንገት፣
የማላውቀው ሰው አንገት፣ በእጄ ያልፋል።
ኮሌታው ላይ ክር ሲሳብ ደረቱ እንደሚጨማደድ፣
ደረቱን ቢተኩሱት ቢተኩሱት እንደማይቃና
ለስንት ጀማሪ አስተምሬ!
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ማጅራትማ ምኑ ነው?
«አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ይባላል፤
እኔ በቀን ስምንት ሰዓት ደፍቼ ያጠፋሁት
ራሴን።

ይመር አልኮራም። «ገና ነው» አለ፤ «ራጁም ይህን አያሳየንም፤
ስድስት ሳምንት እንሥራበት። ካልተለወጠ፣ ተሳስቼም ይሆናል።»
በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ስመለስ በግራ መስኮት ተቀመጥሁ።
በቀኜ ያሉት እናት «ጦሳ ዛሬ ጠርቷል፣ አየሽው?» አሉኝ።
ዞርሁ፣ እስከሚቆምብኝ።
ግማሽ ፊታቸውን አየሁ።