ቀልብ

ሻርጃ፣ ሮላ ሠፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ስድስት አልጋ አለ፣ መጋረጃው ለያይ።
የበሩ ሥር የኔ፣ እኩሉ የነጂባ፣
እኔ ስወጣ ነው እሷ የምትገባ።
ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ወለል ትወለውላለች፣
ሲነጋ መጥታ በእኔ ሙቀት ትተኛለች፤
እኔም ከላውንደሪ፣ ካውያዬን አጥፍቼ፣
በእሷ ሙቀት አድራለሁ ማታ ላይ ገብቼ።
ኪራዩን ስንካፈል ትራስ ተካፈልን፤
አልጋው በርዶ አያውቅም ከተከራየን።

ሰኔ ላይ ጀመረኝ፤ ሊፍት ውስጥ ነበርኩ፣
የሰባት ሰው ልብስ በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ።
መብራቱ አልጠፋ፣ ገመዱ አልተበጠሰ፤
ሞት ግን ያለ ጥሪ ደረቴ ደረሰ።
ጣቴ ደነዘዘ፣ ጉሮሮዬ ጠበበ፣
አየሩ እንደ ክር ከአፌ ተሳበ፤
ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት
አንድ ሕፃን አይቶኝ ኳሱን ጥሎ ሮጠ ወደ ቤት።

ከዚያ ወዲህ በእግሬ ነው።
በነሐሴ ሙቀት፣ ፎቅ ለፎቅ፣ ከንዱራ ታቅፌ።
ሊፍቱን አይደለም የምፈራው፤
የምፈራው ፍርሃቴን ነው፣
መቼ እንደሚመለስ ሳይነግረኝ የሄደውን።

አንዷ «ምች ነው» አለች፣ አንዷ «ዓይነ ጥላ»፤
እናቴ ሐርቡ ሆና ምክንያት አላት ሌላ፦
«ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ ጎረቤት አየብን፤
በሽታ አይደለም ልጄ፣ ዓይን ነው የበላን።»

ክሊኒክ ሄድኩኝ። ሐኪሙ ዐረብ ነው።
«ምንሽን ነው?» አለኝ።
«ቀልቤን» አልኩት፣ «ቀልቤ ተገፈፈ።»
በእነሱ ቋንቋ ቀልብ ማለት ልብ ነው።
ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ አሰለፈ፣
ወረቀት አወጣ፣ ወጣ ገባ መስመር፣
እንደ ሐርቡ ተራራ ከዳር እስከ ዳር።
«ቀልብሽ ደህና ነው» አለኝ በፈገግታ፣
መቶ ሰማንያ ድርሃም ከፈልኩ ያን ማታ።
በሁለት ቋንቋ መሐል አንድ ቃል ነበረኝ፣
ቃሌን ተቀብሎ ልቤን መለሰልኝ።

ጥቅምት ላይ ዝም አለ።
ዳንኩ ብዬ ለሰው አወራሁ።
ልቤ አይዘልም፣ እጄ አይንቀጠቀጥም፤
ግን የዓርብ ምሳ እንኳ አፌ ላይ አይጥምም።
ስልኬ ላይ «እማ» ይበራል፣ «እማ» ይጠፋል፤
እኔ እንደ ሰው ስልክ አየዋለሁ።
ካውያዬ አንድ ነጭ ከንዱራ አቃጠለ፣ ከደሞዜ ተቆረጠ፤
አላዘንኩም። ማዘንም ጉልበት ይፈልጋል።
ሰኔ ላይ ልሞት ነው ብዬ ስንቀጠቀጥ
መኖር ፈልጌ ነበር ለካ፤
አሁን የሚፈራልኝ እንኳ የለም።

አንድ ማለዳ ነጂባ ገባች፣ በረኪና እየሸተተች።
«ተነሺ፣ ተራዬ ነው።»
አልተነሳሁም።
ጫማዋን ሳታወልቅ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።
ያኔ ነው የገባኝ፦
ጭንቀትና ድባቴ፣ እንደ እኛው ፈረቃ፣
አንዱ ሲያሸልበው ሌላው እየነቃ፣
አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ሁለቱም እየመጡ፣ እየተጋፉ፣ እያደሉ፣
ፍራሹ እኔ ነበርኩ፣ ኪራይ ሳይከፍሉ።

«ስድስተኛ ፎቅ ላይ» አለች ነጂባ፣
«እንዳንቺ ግድግዳ የሚያዩ አሉ። በሥራቸው እወለውላለሁ።
ሐኪም አላቸው፣ ሴት ናት።
ቀልብ አትበያት። ነፍሲያ በያት፤
እነሱም ነፍሲያ ነው የሚሉት።»

ነፍሲያ። ይህን ቃል ከእናቴ ቤት አውቀዋለሁ፣
ሰው አገር ቆሞ ሲጠብቀኝ አየሁ።

ሊፍቱን አየች፣ እኔን አየች፣
ምንም ሳትል ወደ ደረጃው ዞረች።
ሌሊቱን ሙሉ የቆመ እግሯ
ከእኔ እግር ጋር ቁልቁል ቆጠረ፤
እዚያ ደግሞ ስድስት ፎቅ ሽቅብ አለ።

ከላይ፣ በበሩ ሥር፣ ከመጋረጃው ኋላ፣
ማንም ያልተኛበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
አልጋው በረደ።