የቱፋ መዳፍ

ከአቃቂ ወዲያ ነው፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፤
መሬት ውስጥ ፓምፕ አለ፣ ከላይ አንድ ጥበቃ።
«ቁጥር ዘጠኝ» ይሉታል ጉድጓዱን በመዝገብ፤
ስም የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰፈር ግን የሚመግብ።

እኔ ደግሞ መጣሁ፣ ካርቶን ተሸክሜ፣
ውስጡ አንዲት ሰሌዳ፣ የብዙ ወር ድካሜ፤
ከፓምፑ ጎን ታስራ፣ መንቀጥቀጡን ሰምታ፣
በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ቆጥራ፣ ለክታ፣
ኩሽኔታው ሳይሰበር፣ ገና «አመመኝ» ሲል
ሕመሙን ከጩኸት እንድትነጥል።

አልቻለችም።
አንዷን ናሙና ይዛ ወደ ማኅደር ስትሮጥ፣
በሩን ከፍታ፣ አስቀምጣ፣ በሩን ስትዘጋ፣
ሌላዋ ታልፋለች።
ትሄዳለች፣ ትመጣለች፤ መንገዱ ሥራውን በላው።
ሦስት ሌሊት ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ሳየው
ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር
አይጥ የገባበት ጆንያ ነበር፤
ቀዳዳው ከክሩ የበዛ።

«ፈጣን ማኅደር ይገዛልኝ» ብዬ ለቢሮ ጮህሁ፤
«በጀት ተዘግቷል» አሉኝ፤ እኔም ስልኩን ዘጋሁ።

ጋሽ ቱፋ ግን በዚያ ብርድ፣ ካፖርቱን ደራርቦ፣
የግፊቱን ቆጣሪ በባትሪ ያያል ቀርቦ።
መዝገቡ ከግቢው ጫፍ ነው፣ በብረት ሣጥን ተቆልፎ፤
«በየሰዓቱ ይመዝገብ» ይላል፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ።
እሱ አይሄድም።
ከጆሮው ላይ እስክሪብቶውን ያወርድና
ግራ መዳፉን ይዘረጋል፦
ከአውራ ጣቱ ሥር ከፍተኛውን፣
ከትንሿ ጣት ሥር ዝቅተኛውን።
«መሀሉስ?» አልኩት።
«መሀሉን ፓምፑ ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው
የዘለለበትን፣ የወደቀበትን ነው።»
አራት ሰዓት ሲሞላ፣ መዳፉ ሲጠግብ፣
አንዴ ብቻ ይሄዳል፣ ቁልፍ ይዞ፣ ወደ መዝገብ።
«ለእያንዳንዷ ቁጥር ሣጥኑ ድረስ ብመላለስ፣
ማን እዚህ ቆሞ ያያል፣ እኔ እስክመለስ?»

ያን ሌሊት ኮዱን አፍርሼ ጻፍኩ።
ለሰሌዳዋ መዳፍ ሰጠኋት፦
አራት መቶ ናሙና በእጇ ይዛ ታወዳድር፣
ትልቁንና ትንሹን፣ እነሱን ብቻ ታስቀር፣
ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልላ ትላክ ወደ ማኅደር።
ከአሥር ሺው ጉዞ ሃያ አምስቱ ቀረ፤
የጆንያው ቀዳዳ ተሰፍቶ አደረ።

ሃያ አምስቱም በዛብኝ፤ ስስታም ሆንኩ መሰል፣
የአራት ሰዓት ልቅም በእጇ ይዛ እንድትውል
አደረግኋት።

እሑድ ሌሊት ዘነበ። መብራት ሄደ።
ፓምፑ ጉሮሮውን እንደተያዘ ሰው ዝም አለ።
ሰሌዳዋ በእጇ የነበረው ሁሉ ጠፋ።
ጋሽ ቱፋም ጨለማ ውስጥ ቧንቧ ሲያጠብቅ
መዳፉን ዝናብ አጠበው።
እዚህም ባዶ፣ እዚያም ባዶ፤
አራት ሰዓት ሙሉ፣ ነጭ ወረቀት።

«ስምንት ሰዓት ላይ አንዴ አስሎታል» አለኝ ጠዋት፣
የቦት ጫማውን ጭቃ እያራገፈ።
«የት ተጻፈ?»
እስክሪብቶው የሚያርፍበትን ጆሮውን ነካ አደረገ።

ሐሙስ ፓምፑ ተፈታ።
ኩሽኔታው ላይ ጭረት፣ ጥፍር የምታህል።

ከዚያ ወዲህ እሱ በየሁለት ሰዓቱ ይሄዳል፤
እኔም ሰሌዳዋን በየደቂቃው አልኳት።
ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።
«ብሄድም ዕዳ፣ ብቀርም ዕዳ» ብሎ ሳቀ፣
ቁልፉን ኪሱ ከትቶ።

ሲሸኘኝ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ግራሶ በግራሶ።
ቃሊቲ ስደርስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለሂሳብ እጄን ስዘረጋ፣
በእጄ ጀርባ ላይ
ስድስት ነጥብ አራት፣ ተገልብጦ፣ ታትሟል።
ከፍተኛው ይሁን ዝቅተኛው፣
የየትኛው ሰዓት እንደሆነ፣
አልተጻፈበትም።