አለ / የለም

በማለዳ ወርጄ ከጣና ዳር ሰፈር፣
ሜትር በቀኝ እጄ፣ ቅጽ በብብቴ ሥር፣
ቁጥር እጽፋለሁ በየበሩ መቃን፤
ስድሳ ስምንት፣ ስድሳ ዘጠኝ… እንዲህ ይመሻል ቀን።
የቀበሌው ተወካይ፣ አቶ ደምለው፣ በጃንጥላው ጫፍ
«ከዚህ እስከዚያ» ይለኛል፣ ዶሮ እያባረረ ደጃፍ ለደጃፍ።
ሥራዬ ግምት ነው። አጭር ነው ጥያቄው፦
ግድግዳው ከምንድን? ጤነኛ ነው ምሰሶው?
ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ ነው?

እውነቱን ልናገር፣ ሰፈሩ አያስቀናም፤
ለአሥራ አንድ አባወራ አንድ ጉድጓድ ነው፤ ያም
ነሐሴ ሲሞላ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤
ሐይቁም ብድሩን በመስከረም ይከፍላል፣
እምቦጭ አስከትሎ እስከ አልጋው ይመጣል።
ይፍረስ ያለ ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም፤
እኔም ብያለሁ፤ ፊርማዬ አለበት፤ አልክድም።

ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፕላን
አረንጓዴ ቀብተን አልፈነዋል ይህን፤
የእግር መንገድ ይላል፣ የሕዝብ መናፈሻ፣
ሦስት ዘንባባ ቆሟል ከውሃው መድረሻ።
ሰው ግን አልሳልንም፤
ወይ ወረቀት ጠቦን፣ ወይ ቸኩለን፣ እንጃ።
ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ሰባ አንድ ላይ እንድሪስ፣ ጠፍሩን በጥርሱ፣
ደንገል በጉልበቱ፣ ታንኳ ያስራል ለራሱ።
«ይቺንም ለካት» አለኝ።
«ተንቀሳቃሽ ንብረት መመሪያው አያውቅም።»
«ቤቱስ?» አለ፣ ቀና ሳይል፤ «መስከረም ላይ አይተኸው አታውቅም?»

ከዚያ ሰባ ሦስት፣ አንጓች። ሰባ አራት፣ ፈንታነሽ።
በእጣቢ ውሃ ተጣልተው፣ «ወደ ደጄ ለቀሽ»፣
ቃል ከተለዋወጡ ስምንት ዓመት አልፏቸው።
ግድግዳው ግን አንድ ነው፤ አንድ ነው አምፖላቸው፤
ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ጭቃው ተፈልፍሎ፣
ገሚሱ ለወዲህ፣ ገሚሱ ለወዲያ፣ ይበራል ተንጠልጥሎ።
ቆጣሪው ከፈንታነሽ፣ ማጥፊያው ከአንጓች ቤት፤
ወር ሲሞላ በቀዳዳው፣ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣
ያልፋል የመብራቱ ሂሳብ፣ ድምፅ ሳይወጣበት።

«ግድግዳው የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣
አንዷን ከደጅ፣ አንዷን ከጓዳ ጠርቼ።
«የሷ ነው» አለች አንጓች።
«የሷ ነው» አለች ፈንታነሽ።
እኔ ሰው ሁሉ የኔ ነው ሲል ነው የለመድኩት፤
እስክሪብቶዬን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት።

ሜትሩን በቀዳዳው ሰደድኩት፤ ከወዲያ
ጫፉን ያዘች አንዲት እጅ።
አርባ ሳንቲም ሜትር። ሃያ ለሷ፣ ሃያ ለሷ፤
ለቀዳዳው ምን ልጻፍ?
«ካቻምና» አለችኝ አንጓች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«ልጇ ለፈተና ሲያጠና፣ እስከ ዶሮ ጩኸት
አላጠፋሁም።»
«ለልጁ ብለሽ?»
«ኧረ! እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነው እንጂ።»
ከወዲያ በኩል ሜትሩ ትንሽ ላላ አለ።

«ምትኩ ቤት ጎን ለጎን ነው?» አለች በኋላ።
«እጣ ነው» አልኳት።
«እጣ» አለች፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ መብራት፣ አለ፣ የለም። አንዱን ያክብቡ።
የማን እንደሆነ የሚጻፍበት መስመርም አለ፤ ለአንድ ስም የሚበቃ።
አለቃዬ «ያልተሟላ» ብሎ መለሰልኝ፤
በማግስቱ አመሻሽ ላይ ወረድኩ።
ከሐይቁ የአምባዛ ሽታ ይመጣል፤
እንድሪስ ታንኳውን ከግንቡ አስደግፏት ገብቷል፤
በሁለቱ በሮች ሥር እኩል ብርሃን ፈሷል።
ላንኳኳ እጄን ሳነሳ
ከሰባ አራት ሳል ተሰማ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ ሳል፤
ከሰባ ሦስት ማጥፊያው ቀጭ አለ፤
ሁለቱም ቤት ባንዴ ጨለመ።

እኔም እዚያው ደጅ፣ ቅጽ በብብቴ ሥር፣
ትንኝ እየበላኝ ቆምኩ።