የሙሄ ሰላይ

በሰማንያ ስምንት፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ ደጅ ሲርመሰመስ፣
ቧንቧ ውሃ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣
አንድ ብር ይገዛል የተመልካች ማዕረግ።
መብራቱ ለሁለት አይበቃ፣
ወፍጮው ሲተኛ ነው ቪዲዮው የሚነቃ።
ከኋላ፣ ከጆንያው ክምር ተደግፎ፣
ሙሄ ከማይኩ ላይ ዱቄቱን አራግፎ፣
የፈረንጁን ነገር ባማርኛ ያስኬዳል፤
ድምፁን ለሴት ያቀጥናል፣ ለሰላዩ ያወርዳል።

ከዚያ ሻይ ቤት። ክርክር። የዳይሬክተር ስም
በእንግሊዝኛ ሽው ሲል ያነበበው የለም፤
መኪና አቃጣዩ «ቤንዚኑ» ተባለ፤
ዝናብና ጥላ ወዳዱ ደግሞ «ዝምተኛው» አለ።
ይመር ለቤንዚኑ፣ አባጋዝ ለዝምተኛው
ተኳርፈው፣ ክረምቱን ሙሉ አልተነጋገሩም፤
አንዲት ፓስቲ ለሁለት ከመግመስ ግን አልቀሩም።

«ይሄ አገጭ» አለች ጦይባ፣ «ያስይዛል ከድንበር!
ሰላይ ሊሆን የሚገባው እንደ ወንበር፣
መች እንደ ሊቀ መንበር!
ተነሥቶ ከወጣ በኋላ እንኳ
'እዚህ ሰው ነበር እንዴ?' የሚባልለት ዓይነት።»
ይመር ሻዩን ገፋ፦ «አንድ ብር ከፍዬ ፉንጋ ልይ እንዴ?
ፉንጋማ ሞልቶልኛል ሰኞ ገበያ መንገዴ!»
አባጋዝ መልስ የለውም። ድልድዩን ነው የሚያስብ።

ያ ድልድይ። ማታ። ሰላዩ ብቻውን፣ ዝናብ፣
ከባርኔጣው ጠርዝ ውሃ ሲንጠባጠብ፤
ከንፈሩ ተላቀቀ። ከጆንያው በኩል
ሙሄ ድምፁን አውርዶ፣ እንዲህ ሲል፦

  የሰው በር ሁሉ ቁልፉ አለ ከእጄ፤
  አንኳኩቼ ቀረሁ ከገዛ ደጄ።

ሃያ አራት ወንድ፣ አንዲት ጦይባ፣ ማንም ያሳለ የለም።
ይመር እንኳ፣ የቤንዚኑ ይመር፣
ዓይኑን በጋቢው ጠርዝ ጠረገ፤ «ዱቄት ገባብኝ» አለ።
በዚያች ሌሊት ዝምተኛው ደሴ ላይ ነገሠ።
ኋላ የመጡት ፊልሞቹ አልረቡም፤
እኛ ግን «ድልድዩን የሠራ ሰው ነው» እያልን
እንደ ዘመድ ለስሙ ዘብ ቆምን።

ባለፈው ሳምንት፣ ጦይባ ሱቅ፣ ፒያሳ፣
በልጇ በናስር ስልክ ያው ፊልም ተነሣ።
ከሥሩ ጽሑፍ አለው። ናስር ያነብልናል።
ድልድዩ ደረሰ። ዝናቡ። ጠርዙ። ከንፈሩ።
  «ታክሲ ጥሩልኝ።»
«እሺ፣ ቀጥሎስ?»
  «ሌላ የለም። ታክሲው መጣ።»

አባጋዝ መነጽሩን አወለቀ፣
ጠረገው፣ መልሶ ግን አላደረገውም።
«ቤንዚኑ ቢሆን» አለ ይመር ቀስ ብሎ፣
«ታክሲው ይነድ ነበር።» የሳቀለት የለም።

ሙሄ እዚያው ጥግ ነው፣ ሻዩ ላይ አራተኛውን ስኳር ይጨምራል።
«ቋንቋውን ታውቅ ነበር?»
«የት አውቄው! አሰብ ወደብ ጫኝ ሳለሁ
ከመርከበኛ የለቀምኳት አሥር ቃል ነበረች፤
ስምንቷ ስድብ ነች።»
«ታዲያ ያ ግጥም?»
አማሰለ። ብዙ አማሰለ።
«የሰውየው አቋቋም…
አሰብን ለቀን ስንወጣ፣ ቡሬ ኬላ ላይ
ልክ እንዲያ የቆመ ሰው አየሁ፤ ሻንጣ እንኳ የለው።
ምንም አላለም።
የሆነ ቦታ ልናገርለት ዕዳ ሆኖብኝ ነበር።»

ጦይባ ስልኩን አነሣች፣ ፊቱን አተልቃ አየችው፣
ስለ አገጩ ምንም አላለች።

ሲመሽ ይመር ከደጃፉ ቆመ። ጉሙ ወርዷል፣ ያካፋል።
የጃኬቱን ኮሌታ ወደ ላይ መለሰ።
«ባጃጅ ጥሩልኝ» አለ።
ማንም አልተነሣም።
ሁላችን ዞረን ሙሄን አየነው፣
እስኪተረጉመው።